የሰፈሩ ቢላ ሁሉ በሃያ ዲግሪ

ተሾምኩ! የእህቴ የዘሀራ ሠርግ የቢላ ኃላፊ እኔ ነኝ።

ትናንት አባ ከሱቁ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመና፣ «የሠርጉን ቢላ ሁሉ የምትስዪው አንቺ ነሽ» አለኝ። እማ ከማድ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሁሉንም?» አለች። «ሁሉንም» አለ። እማ «ያ ረቢ!» ብላ አንገቷን መለሰች። እኔ ግን ደስታው አላስቆም ብሎኝ ግቢውን በሩጫ ዞርኩት፤ ዶሮዎቹ የሚታረዱ መስሏቸው ተበተኑ።

ቢላ መሳልም ሹመት ሆኖ ነው ትሉ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ኮሚቴ የሌለው ነገር የት አለ? ሠርጉ የዳስ ኮሚቴ አለው፣ የውሃ ኮሚቴ አለው፣ ወንበር ከየቤቱ የሚለምን ኮሚቴ አለው። የኔ ኮሚቴ ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ ተራ አባሉም እኔው ነኝ። ስለዚህ ስብሰባችን ሁሌ በሙሉ ድምፅ ያልቃል።

ደስታዬ በደንብ እንዲገባችሁ ግን የኒካሑን፣ የጋብቻው ውል የታሰረበትን ቀን ጉድ መስማት አለባችሁ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ያልሰማ የለም። ሂርና ላለችው አክስቴ ሄጄ ልነግራት ብል፣ ገና ሳልቀመጥ እሷው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችልኝ። ወሬው በጫት መኪና ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ያልነበርኩበትንም ጨምራ ነገረችኝ። ስለዚህ አንባቢዎቼ (የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበው ወዲህ አንባቢዎች ያሉኝ ይመስለኛል፤ ተዉኝ ይምሰለኝ) ትክክለኛውን ከኔ ስሙ።

አባ ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ መቀስ ይስላል፤ መቀስ ስለሚስል ቢላ ይስላል፤ ቢላ ስለሚስል ደግሞ ዒድም ይሁን ፋሲካ ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ቢላውን ይዞ ደጃችን ላይ ነው። በቀረው ጊዜ እያንዳንዷ ሴት ቤቷ ውስጥ በራሷ መላ ትስላለች። የአባ ዘዴ እጁና አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ጉልበቱ መሀል ያደርጋል፣ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ ቢላውን ጋደም ያደርጋል፣ ከዚያ ወሬውን ይጀምራል። ሸርተት፣ ወሬ፤ ሸርተት፣ ወሬ። ዓይኑ ሰውዬው ላይ ነው እንጂ ቢላው ላይ አይደለም።

«አባ፣ ምን ያህል ነው የምታጋድመው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«የሚበቃውን ያህል።»

ይሄ መልስ ነው? ጂኦሜትሪ ለምትማር ልጅ ይሄ መልስ አይደለም።

እኔ ደግሞ ማሽን አለኝ። ሳቁ ግድ የለም፣ ሁሉም ስቋል። የእንጨት ሥራ መምህራችን አንድ ቀን ከአሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ ሥዕሉን አሳየን። ቢላው በአንድ በኩል ተጠርቅሞ ይያዛል፤ ድንጋዩ በዘንግ ላይ ታስሮ ይመላለሳል፤ ዘንጉ ስለሚመራው ማዕዘኑ ንቅንቅ አይልም። እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ጎረቤት ቢጣራ፣ ወሬ ቢጥም፣ ማዕዘኑ ያው ነው። አይቼ አላደርኩም። ከጣውላ ሠራሁት። በአንደኛው ጫፍ እጀታውን በብሎን የሚጨብጡ ሁለት እንጨቶች አደረግሁ፤ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ያለው ቋሚ አቆምኩ፤ በቀዳዳው የጃንጥላ ዘንግ አሳለፍኩ፤ ዘንጉ ላይ የመሳያ ድንጋይ ስባሪ አሰርኩ። ማዕዘኑን በፕሮትራክተሬ ለካሁ፦ ሃያ ዲግሪ።

አባ ማሽኔን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ጃንጥላው የማን ነው?»

«የዱሮው ጃንጥላህ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የዱሮ አልነበረም» አለ። ቢሆንም አልተቆጣም። እሱ አንድ ቢላ በእጁ፣ እኔ አንድ ቢላ በማሽኔ ልንስል ተወራረድን፤ ዳኛዋ እማ፣ ምስክሩ ቲማቲም። አባ እኔ ብሎኔን አጥብቄ ሳልጨርስ ስሎ፣ አጥቦ፣ ሻይ ጀመረ። የኔ ቆየ። ግን ቲማቲሙ ላይ ሳሳርፈው፣ ወላሂ፣ ቲማቲሙ መቆረጡን ያወቀው ሁለት ቦታ ከተኛ በኋላ ነው። እማ ሁለቱንም ሞከረችና፣ «ሁለቱም ይቆርጣሉ። አሁን ሽንኩርቱን ማን ይከትፋል?» አለች። ፍርዱ ይሄ ነበር።

አባ ግን ሻዩን ሲጨርስ አንድ ነገር አለ፦ «የኔ እጅ ቢላውን ይከተላል። ያንቺ ማሽን ግን ቢላው እሱን እንዲከተለው ይፈልጋል።» እኔ ቅናት መሰለኝ።

ኒካሑ ደረሰ። የዘሀራ እጮኛ ወገኖች ከገለምሶ ይመጣሉ። እኛ ሙስሊም ነን፣ ከጎረቤቶቻችን እኩሌታው ክርስቲያን። እንዲህ ባለ ቀን ሁለት በግ ይታረዳል፤ የኛው እኛ ግቢ፣ የነሱ አጥር ተሻግሮ እትዬ አስካለ ግቢ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ፣ ቢላው ለየብቻ ነው። የኛን ሥጋ የነካ ቢላ የነሱን አይነካም፤ የነሱም የኛን። ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ሥር ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይበላል፣ ይሳሳቃል። ቢላው የሚዋሰው ከየቤቱ ስለሆነ እንዳይቀላቀል አባ ከሱቁ ክር አምጥቶ እጀታው ላይ ያስርበታል፦ ለኛ አረንጓዴ፣ ለነሱ ቀይ።

በዚያ ጠዋት አባ የሙሽራውን ኮት እጅጌ ሊያሳጥር ወደ ሱቁ ሄደ። ሲወጣ፣ «ሁለት ሦስቱን ስለሽ ቆዪኝ፣ የቀረውን መጥቼ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ሁለት ሦስቱን! ሙሉ ሳፋ ቢላ ፊቴ ተቀምጦ፣ ማሽኔ ዘይት ጠጥቶ፣ ሁለት ሦስቱን ብቻ?

የመጀመሪያውን አሰርኩ። ተንሸራተተ። ብሎኑን አጠበቅሁ። አሁንም ተንሸራተተ። ጥፋቱ የክሩ ነው። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ክር እንጨቶቹ ጥርቅም እንዳይሉ ያደርጋል፤ ቢላው ይዛነፋል፤ ሃያው ዲግሪ ሃያ ሦስት ይሆናል። ሃያ ሦስት! ይሄን ሳይንስ አይፈቅድም። ስለዚህ መቀስ አነሳሁና ክሩን ቆረጥኩት። እንዳትፈርዱብኝ፣ ዕቅድ ነበረኝ፦ የኛ በቀኜ፣ የነሱ በግራዬ፤ ስጨርስ መልሼ አስራለሁ። የተቆረጠውን ክር ኪሴ ከተትኩ።

እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! ድንጋዩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ስለቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ሆኖ ብልጭ ይላል። አንዳንዱ ቢላ ሆዱ ጎድጎድ ስላለ ድንጋዬ እዚያ ጋ ሳይነካው ያልፍ ነበር፤ ግን ማን ጎድጓዳ ያያል? ብርሃኑን አየሁ እንጂ። የመጨረሻውን ሳስቀምጥ፣ ቀኜም ግራዬም በጸሐይ ሲያብለጨልጭ፣ አዲስ ክር ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ።

እህቴ ዘሀራ በዚያ ቀን ሥራ ክልክል ነው ተብላ ከጠዋት ጀምራ ጓዳ ተቀምጣለች። ሂናዋ ደርቋል፣ ሰልችቷታል። እኔ ክር ስፈልግ እሷ በጓሮ በር ወጣች። ክሬን ይዤ ስመለስ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ቢላዎቹን ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድራቸዋለች።

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው» አለች፣ ፊቷ በርቶ። «እንደ ሰልፈኛ በቁመታቸው። አያምርም?»

ያምራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። ቀኝ የለም፣ ግራ የለም። ክሩ ኪሴ ውስጥ ነው።

«ዘሀራ፣ የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«የኛ? ሁሉም የኛ አይደለም እንዴ?»

ይህን ጊዜ አዴ ፋጡማ መጡ። አዴ ፋጡማ ከጓሯችን አጥር ማዶ ናቸው፤ የሰፈሩ የግብዣ ወጥ ሁሉ በሳቸው ትእዛዝ ይሠራል። ድምፃቸው ሚኤሶ ላይ ያለ ባቡር ያስቆማል። አንዱን ቢላ አነሱና እንደ ልማዳቸው በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሞከሩት።

«ዋይ! ማል ታቴ አንቺ ልጅ! ምን ሆነሻል? ይሄ ቢላ ነው ምላጭ?»

ጣታቸውን እየጠቡ ሌላውን አነሱ፤ ሌላውም ምላጭ ነው። «ክሩስ?» አሉ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። «ክሩስ?» አሉ ድጋሚ፣ አሁን ባቡሩ በሚቆምበት ድምፅ። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ ሰምተው መጡ። ከኋላቸውም ቢላ ያዋሰች ሁሉ መጣች።

እማ ነገሩን ለማስተካከል፣ «እያንዳንድሽ የራስሽን ቢላ መልክ ተናገሪ» አለች። «ጥቁር እጀታ፣ ሁለት ብስማር» አለች የመጀመሪያዋ። «ጥቁር እጀታ፣ ሁለት ብስማር» አለች ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ልትናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ለካ ሰፈሩ ሁሉ የገዛው ከአንድ ነጋዴ ነው።

«በፈላ ውሃ ብንቀቅለውስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ለኔና ላንቺ ይበቃን ነበር» አሉ አዴ ፋጡማ። «የገለምሶን ሽማግሌ ማን ያስረዳል? ያንቺንስ ቄስ?»

ሌላ ቢላ እንዳንዋስ የሰፈሩ ቢላ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ነው። በጎቹን አራጆቹ በሁለቱም ግቢ በየራሳቸው ቢላ አርደው፣ ገፈው፣ ሰቅለው ሄደዋል። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። እማ እጆቿን አጣምራ፣ «ሲመጡ ምን ልበላቸው? ሥጋው አለ፣ ቢላው ግን ሃይማኖቱ ጠፋበት ልበል?» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ። ዘሀራ ግን አልሳቀችም። ሂናዋን እያየች፣ በቀጭን ድምፅ፣ «እትዬ አስካለ ሳይበሉ የኔ ኒካሕ ይታሰራል? እኔን እኮ በጀርባቸው ያዘሉኝ ናቸው» አለች፤ ዓይኗም ሞላ። ያን ጊዜ ማሽኔን ከነጃንጥላው ቆርጥሜ ብውጠው በወደድኩ።

አባ የደረሰው እንዲህ ሆነን ነው፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ። ሰልፈኞቹን አየ። እኔን አየ። እጁን ዘረጋ። ከኪሴ አረንጓዴና ቀይ የተወሳሰበ የክር ጉንጉን አውጥቼ ሰጠሁት። እንደሚጮህብኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን አንዱን ቢላ አነሳ፣ ስለቱን ወደ ብርሃን አዞረ።

«ሃያ ዲግሪ ነው?»

«ሃያ ዲግሪ ነው» አልኩ፣ በለቅሶ ድምፅ።

«ቆንጆ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «እዚህ ጋ ግን ድንጋይሽ አልደረሰም።»

«እሱ ጎድጓዳ ነው፣ ያልፈዋል።»

«ማን አጎደጎደው?»

እኔ ምን አውቃለሁ? አባ ግን ፈገግ እያለ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እህቶቼ፣ ቤታችሁ ስትስሉ እንዴት ነው የምትስሉት? አሁን እንደዚያው ሳሉልኝ። ቢላውን እያቀያየራችሁ።»

አዴ ፋጡማ ዋናው በር ደፍ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጡ። ሲስሉ ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው፣ ማን አለፈ ማን ገባ፤ ስለዚህ ድንጋዩን የሚነካው የቢላው አፍንጫ ብቻ ነው። አንዱን ሞከሩ፣ «አይደለም» ብለው ጣሉ። ሌላውን ሞከሩ፣ ጣሉ። ሦስተኛው አፍንጫው ሳስቶ እንደ ወፍ ምላስ ቀጥኗል፤ ድንጋዩ ላይ ገና ሲያሳርፉት እልልታቸውን አቀለጡት። «ኩን ከን ኮቲ! የኔ ነው! እጄ አወቀው!»

ከዚያ ግቢው ሌላ ሆነ። አንዷ የገንቦ ቂጥ ገልብጣ ትስላለች፤ አንዷ የውሃ ገንዳው ጠርዝ ላይ፤ አንዷ ሁለት ቢላ እርስ በርስ እያፋተገች፤ እትዬ አስካለ ግራኝ ናቸው፣ በግራ እጃቸው ወደ ራሳቸው እየሳቡ። ለካ እያንዳንዷ ሴት በስንት ዘመን ፍተጋ የራሷን ጎድጓዳ በቢላዋ ሆድ ላይ ሠርታለች፤ ቢላው ሲገጥምላት ያረጀ ጫማ እንደመግባት ነው። «ይሄ የኔ!» «አምጪው ወዲህ፣ ያንቺ ነው ደግሞ!» «በይ ሳይውና እንይሽ!» ባለቤቱ የታወቀ ቢላ ወደ አባ ይሄዳል፤ አባ ክሩን ያስራል፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ።

እኔ ደግሞ መሀል ላይ ቆሜ ጆሮዬን ይዣለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ያመጣሁት ሃያ ዲግሪ በገንቦ ቂጥና በበር ደፍ ላይ ችርርር እያለ ሲያልቅ አስቡት። አንዷ በሃምሳ ዲግሪ ትስል ነበር። በሃምሳ! አንዷማ ዲግሪ አልነበራትም።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ቢላ ቀረ። አዴ ፋጡማ ሞከሩት። «የኔ ነው» አሉ። እትዬ አስካለ በግራ እጃቸው ተቀብለው ሞከሩት። «ኧረ የኔ ነው!» ሁለቱም እጅ ላይ ልክክ አለ። እንግዲህ የመጨረሻው ላይ ልንጣላ ነው አልኩ በልቤ። ዘሀራ ክንዴን ጨመቀችኝ።

እትዬ አስካለ ቢላውን አገላብጠው አዩት። በአንዱ ፊቱ የቀኝ እጅ ፍተጋ፣ በሌላው የግራ።

«ፋጡማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይቺ የሽንኩርቷ አይደለችም?»

አዴ ፋጡማ አዩዋት። ከዚያ ሳቅ አፈናቸው። ለካ ሥጋ አይለፍ እንጂ ሽንኩርት ማንም አልከለከለውም። እትዬ አስካለ ጓዳ ቢላ ሲጠፋ፣ «ፋጡማ፣ ያቺን አቀብዪኝ!» ይላሉ፤ በሁለቱ ግቢ መሀል ባለው አጥር ቀዳዳ ትሄዳለች። ማታ ደግሞ «አስካለ፣ አምጫት!» ይባላል፤ ትመለሳለች። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲህ ስትመላለስ ኖራለች። ማን እንደገዛት ሁለቱም አያስታውሱም። ተያይዘው ደፉ ላይ ቁጭ ብለው እስኪያነቡ ሳቁ፤ አዴ ፋጡማ የተቆረጠ ጣታቸውን እትዬ አስካለ ነጠላ ላይ እየጠረጉ። አባ ለዚያች ቢላ ሁለቱንም ክር አሰረላት።

ሥጋው ተከተፈ፣ በሁለቱም ግቢ። የገለምሶ ሰዎች ዘግይተው ደረሱ፤ መኪናው ተበላሽቶባቸው ነው፣ አላህ ለመኪናው ይስጠው። ዘሀራ እትዬ አስካለ ሲጎርሱ እስክታይ በመስኮት ቆማ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ሹመት ባላገኘሁም ነበር። በሳምንቱ አዴ ፋጡማ ግራ ቀኝ እያዩ መጡና ቢላቸውን ከጉርዳቸው ሥር አወጡ። «ያን ቀን ጣቴን እንደቆረጠኝ አድርጊልኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ለአባትሽ አትንገሪ።» በማግስቱ እትዬ አስካለም በአጥሩ ቀዳዳ አቀበሉኝ። ለአባ ነገርኩት። እሱም ጎድጓዳውን በጥቁሩ ድንጋይ በእጁ አስተካከለ፤ እኔ የቀረውን በማሽኔ ጨረስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቢላ ላይ ሁለታችንም ሠራን። እሱ ወሬ፣ እኔ ዲግሪ።

ትናንት ደግሞ አባ ማሽኔን ሲያገላብጥ አዲስ ነገር አየ። እጀታውን በሚጨብጡት እንጨቶች መሀል ትንሽ ቦይ ቀርጫለሁ፤ ክር የታሰረበት ቢላ ሲገባ ክሩ ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንጨቶቹም ጥርቅም ይላሉ። መቀስ አያስፈልግም። አባ ጣቱን በቦዩ ላይ አሳለፈና ወደ ሱቁ ሄደ። ሲመለስ ነው በሩ ላይ ቆሞ የሾመኝ። «ዝናብ ሲመጣ ግን ማሽንሽን ተከናንቤ ነው የምወጣው» ብሎ ጨመረበት።

ሠርጉ ከዒድ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ነው። ዘሀራ፣ «ያነበበ ሁሉ ይምጣ በይልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ። ከአሰበ ተፈሪም፣ ከሂርናም፣ ከገለምሶም ኑ። ቢላችሁን ደነዝ እንደሆነ ይዛችሁ ኑ፣ ስል ካመጣችሁ ሥራ ታሳጡኛላችሁ። በር ላይ አባ ክር ይዞ ይጠብቃችኋል፤ አረንጓዴ ወይ ቀይ በሉት፣ ያስርላችኋል። እኔ ክር አልነካም። ሽንኩርት መክተፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ግን ሁለቱም ክር ያላት አንዲት ትንሽ ቢላ አለች፤ ወረፋ ያዙና በአጥሩ ቀዳዳ ተጣሩ።